መርፌው የተቋረጠበት ክረምት

አስቴር ከባቡሩ የወረደችው ከሁሉም ኋላ ነው። ከድሬዳዋ የወጣቶች ውድድር የተመለሱት ልጆች እየተጋፉና እየዘፈኑ ለገሃር ላይ ሲወርዱ፣ እኔና ባለቤቴ ሎምበሶ አንገታችንን አስግገን የእኛዋን እንፈልግ ነበር። በመጨረሻ በሩ ላይ ታየች። ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ግራ እግሯን አስቀደመች፤ ቀኙን እንደ ዕቃ ጎትታ አወረደችው። አንገቷ ላይ በቀይ ጥብጣብ የተንጠለጠለ ሜዳሊያ ነበረ። ሎምበሶ እሱን አይቶ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ አጨበጨበ።

«ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?» አልኳት።

«ምንም አይደል፣ እማዬ። ጉልበቴ ትንሽ አብጧል። ከሩጫው ነው።»

ያን ጊዜ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እሷ የታመመ ልጅ በቤታቸው ላለ ወላጆች ነው። ያየሁትን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። ምሬቴንም አልደብቅም፤ ብደብቀው ነገሩ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ዓመቱ ሲጀምር ለቤታችን ጥሩ ዓመት ነበር። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። እኔም ሎምበሶም ከሆሳዕና መጥተን እዚሁ ተጋባን፣ እዚሁ ወለድን። እሱ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል፤ እኔ በቀበሌያችን የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ነበርኩ። ትልቁ ልጃችን ማቴዎስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ለማትሪክ ያጠናል። ትንሿ ምሕረት ገና አንደኛ ክፍል ገብታ በየግድግዳው ላይ «ሀ ሁ» ትጽፋለች። የምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያን በደርግ ስለታሸገ ከጥቂት አማኞች ጋር ተራ በተራ በየቤታችን እንሰበሰብ ነበር፤ መዝሙሩን ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንዘምረው።

በጥቅምት ወር አስቴር በትምህርት ቤት ውድድር አንደኛ ወጣች። ከዚያ ከቀበሌ በላይ ያለው የከፍተኛችን ቡድን መረጣት፤ ሰማያዊ ቱታና የሸራ ጫማ ሰጧት። ሎምበሶን ያኔ ብታዩት! ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ገብቶ ራቱን በልቶ የሚተኛ። ያ ሰው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ልጁን ይዞ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ መውጣት ጀመረ። እሷ ስትሮጥ እሱ ሹራቧን ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «የሯጯ አባት» ብለው ይጠሩት ጀመር። ስሙን እየደጋገመ ይነግረኝ ነበር።

ወደ ድሬዳዋ ከመሄዷ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጉሮሮዋን ታማ ነበር። ትኩሳት ነበራት፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት። ማርና ሎሚ በሙቅ ውሃ አጠጣኋት፤ ከቀናት በኋላ ተነሣች። ጉሮሮውን የማያመው ልጅ የት አለ? በዚያን ጊዜ «ችላ አትበሉት» ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ነው ዛሬ እኔ የምናገረው።

ከለገሃር ከመጣች በኋላ አሰልጣኟ ቤት ድረስ መጥቶ ጉልበቷን ዳሰሰ። «የሯጭ ጉልበት ነው፤ ያማል። በሙቅ ውሃ ይታሽ፤ ትረፍ» አለ። በማግስቱ የጉልበቷ እብጠት ጎደለ። ሎምበሶ «አላልኩሽም?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ግራ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ ቀላ፣ ጋለ። እሱ ሲሻላት ክርኗ ተተካ። ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየዞረ ይሄድ ነበር። አንሶላ ሲነካት ትጮኻለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ገብተው አይተዋት፣ «ቁርጥማት ነው እንዳልል ቁርጥማት የእኛ የአሮጊቶቹ ነው» ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሲወጡ በሩ ላይ ግን እጄን ያዙና፣ «ደስታ፣ ይቺን ልጅ ሐኪም ያያት» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ አስፕሪን ሰጡን። ትኩሳቱ በረደ፤ ተመልሶም መጣ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከአልጋዋ ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች። አጭር መንገድ ነው። በሩ ላይ ቆመች። አለከለከች። ዳገት የሚሮጥ ልጅ እቤት ውስጥ አለከለከ። ደረቷ ላይ እጄን አደረግሁ። ልቧ ከመዳፌ ስር ይዘላል። አይረጋም። ከንፈሯን አየሁ። ቀለሙ አስፈራኝ።

ማቴዎስ አዘላት። እስከ ዋናው መንገድ በሩጫ ወረድን።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። በግራ ጎኗ አስተኝቶ እንደገና አዳመጠ። ደም ተወሰደ፤ የደረት ራጅ ተነሣች፤ የልብ ምቷን በወረቀት ላይ የሚያወጣው ኢሲጂ የሚሉት ተሠራላት። ከዚያ እኔንና ሎምበሶን ወደ ኮሪደሩ ጠራን።

«እናት፣ ይህ ሩማቲክ ፊቨር ይባላል» አለኝ። «ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ ነው። ጉልበቷና ክርኗ ምንም ሳይሆን ይድናል። እኔን የሚያሳስበኝ ልቧ ነው። ቫልቭ የምንለው የልቧ በር ተቆጥቷል።»

«ሩጫውስ?» አለ ሎምበሶ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየው። «አባት፣ አሁን ስለ መተንፈሷ ነው የምናወራው።»

ያቺን ጥያቄ አልረሳኋትም። ከሁሉ በፊት ከአፉ የወጣችው እሷ ነበረች።

አስተኟት። ፔኒሲሊን፣ ከፍ ያለ መጠን ያለው አስፕሪን፣ ከዚያም ፕሬድኒሶሎን። ከእሱ የተነሣ ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ አበጠ። መስታወት አልሰጣትም አልኩ። ለሽንት እንኳ ከአልጋዋ እንዳትነሣ ተከለከለች። አጠገቧ የተኛች አንዲት የገጠር ልጅ ነበረች። የእሷም ልብ የተጎዳው እንደ አስቴር ነው። አንድ ጠዋት አልጋዋ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አስቴር ዞር ብላ አላየችም።

በዚያው ሰሞን ከከፍተኛው ስፖርት ኮሚቴ ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጡም።

«ጓድ ደስታ» አለ አንደኛው፣ «ቱታውና ጫማው የሕዝብ ንብረት ነው። በልጅቷ ምትክ ሌላ ተመርጣለች። መረከብ አለብን።»

«ልጄ እኮ ሆስፒታል ናት።»

«ሰምተናል። እግዜር... ማለቴ ይሻላታል።»

ቱታውን ከገመድ ላይ አወረድኩት። ገና አልደረቀም ነበር። እርጥቡን አጣጥፌ ከጫማው ጋር ሰጠሁት። የታመመችውን ልጅ ስሟን እንኳ ያልጠራ ሰው ቱታዋን በብብቱ ይዞ ወጣ። ስለ ወጣቱ ትውልድ የሚናገሩትን ንግግር በየስብሰባው እየተቀመጥኩ የሰማሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጆሮዬ መስማቱን ተወው።

ፋሲካ ሲቃረብ ወደ ቤት እንድንወስዳት ተፈቀደልን። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ቀስ ብሎ፣ እንደገባን ለማረጋገጥ እየደጋገመ ነገረን። «ዋናው መድኃኒት ይኼ ነው» አለና ነጭ ዱቄት ያለበት ብልቃጥ አሳየን። «ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። በየወሩ ትወጋለች። አንድም ወር መዝለል የለበትም። ሙሉ ጤነኛ ብትመስልም ትወጋለች። ሕመሙ ከተመለሰ ቫልቩን ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ እኔ የማደርገው ብዙ ነገር አይኖርም። ሩጫውን ለጊዜው እርሱት።»

የዚያን ሰሞን ሳስበው ዛሬም ደረቴ ሰፋ ይላል። ማቴዎስ ፀሐይ ስትወጣ እህቱን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣታል፤ እሱ ጮክ ብሎ ታሪክና ጂኦግራፊ ሲያጠና እሷ መጽሐፉን ይዛ ትጠይቀዋለች፣ ሲሳሳት ትስቅበታለች፣ ትንሿ ምሕረት ደግሞ ከሁለቱ መሀል ገብታ ያልተጠየቀችውን ትመልሳለች። ሎምበሶ ከሥራ ሲመጣ ብርቱካን ይዞላት ይገባል፤ እየላጠ እጇ ላይ ያስቀምጥላታል። መጀመሪያ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ከዚያ በእኔ ክንድ ተደግፋ እስከ ሱቁ መሄድ ጀመረች፤ የፊቷም እብጠት ጎድሎ የድሮዋ አስቴር ተመለሰች። በየወሩ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። መርፌው ወፍራም ነው፣ መድኃኒቱም ይከብዳል፤ የተወጋች ቀን እያነከሰች፣ እያለቀሰች ነው የምንመለሰው። «ድኛለሁ እኮ! ለምን ታሠቃዪኛለሽ?» ትለኛለች። እጇን ይዤ እጎትታታለሁ። በአልጋ ላይ ያልታገልኩትን ትግል የታገልኩት ከዳነች በኋላ ነው። የታመመ ልጅ ይታዘዛል። የዳነ ልጅን መያዝ ግን ሌላ ነው።

ክረምት ሲገባ የማቴዎስ ውጤት መጣ፤ አለማያ ኮሌጅ ደረሰው። ቤታችን በእልልታ ተሞላ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ እናቴ በጽኑ ታማለች የሚል መልእክት ከሆሳዕና ደረሰኝ። ምሕረትን ይዤ በዝናብ በጭቃ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ሎምበሶን አስቀምጬ ነገርኩት። «መርፌዋን አደራ» አልኩት። «ልብሽን አታስጨንቂ» አለኝ።

እናቴ ቶሎ አላረፈችም። እስክትሞት አስታመምኳት፤ ከዚያ ለቅሶው ነበር፤ ከዚያ መንገዱ በጎርፍ ተቆረጠ። ስመለስ ክረምቱ ሊያልቅ ነበር።

ቤት ስደርስ አስቴር ደጃፉ ላይ እግሯን ታጥባለች። እስከ ጉልበቷ ቀይ ጭቃ ነው። ጉንጯ ቀልቷል። ስታየኝ ቀጥ አለች።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

ጎንበስ ብላ ጭቃውን ማሸት ቀጠለች።

«አስቴር፣ ከየት ነው?»

«ከእንጦጦ» አለች።

ሎምበሶ ከውስጥ ወጣ። ሹራቧን ይዟል።

«መርፌዋን ወስዳለች?» አልኩት።

«ደስታ፣ መጀመሪያ ግቢና እረፊ። ሐዘንተኛ ነሽ።»

«መርፌዋን ወስዳለች ወይ ነው ያልኩህ!»

«አልወሰደችም» አለ። «አየሻት አይደል? ድናለች! ፈረስ ሆናለች። በየወሩ እያለቀሰች፣ እያነከሰች... አንጀቴ አልቻለም። አሰልጣኙም መጥቶ አያት። በጥቅምት ውድድር አለ፣ ቦታሽ አለ ብሏታል።»

ሁለት ጊዜ መወጋት የነበረባት ነው። ሁለቱንም ዘለሉት። በማግስቱ እየጎተትኩ ወሰድኳት። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ አልቋል አለን። ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያም የለም። በሦስተኛው ተገኘ። ተወጋች። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር» አለችኝ። «ለአባዬ አልነገርኩትም። ሩጫ ይከለክለኛል ብዬ።»

የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

መስቀል አልፎ ትኩሳቱ መጣ። በዚህ ጊዜ ጉልበቷ ብዙም አላበጠም። በቀጥታ ልቧን ያዘው። ሳል ጀመራት። ጋደም ማለት አቃታት። እግሮቿ አበጡ። በጣቴ ስጫናቸው ጎድጉደው ይቀራሉ። ተቀምጣ ነው የምትተነፍሰው። አንድ ቃል። ትንፋሽ። አንድ ቃል። ትንፋሽ።

ማቴዎስ አለማያ ነው። የሚያዝላት አባቷ ነበር። አዘላት። መንገዱን በሙሉ አላናገርኩትም።

ሐኪሙ ያው ነበር። አስታወሰን። አዳመጣት፤ ራጁን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አየ። ልቧ አድጓል፤ ደረቷን ሊሞላው ነው።

«መርፌው ተቋርጧል?» አለ።

«አዎ» አልኩ።

«ማን ነው ያቋረጠው?»

ሎምበሶ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለ።

ሐኪሙ ይቆጣዋል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲቆጣውም ፈልጌ ነበር። ግን ራጁን ከመስኮቱ አወረደና፣ «እንግዲህ እንሞክራለን» ብቻ አለ።

ልብ ደክሟል የሚሉት ደረጃ ላይ ነበረች። ኦክስጅን። ለልቧ ዲጎክሲን። ውሃውን የሚያስሸናት ላሲክስ። እንደገና ፕሬድኒሶሎን። ውሃ በልክ። ጨው የለም። አንድ ቀን የክፍሉ ሲስተር ወደ ውጭ ላከችኝ። መጋረጃውን ሳቡት። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሎምበሶ ማዶ ቆመ። አንተያይም። እሱ ይጸልያል። እኔ መጸለይ አልቻልኩም። መጋረጃው ተከፈተ። ልጄ በሕይወት አለች።

ከዚያ ቀስ እያለች ተመለሰች። እብጠቱ ሲጎድል አጥንቷ ቀረ። ለመውጣት ስትቃረብ ሐኪሙን ራሷ ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ መቼ ነው መሮጥ የምችለው?»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አስቴር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሚትራል የሚባለው ቫልቭሽ አይገጥምም፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትማሪያለሽ፣ ትሠሪያለሽ፣ ትኖሪያለሽ። መሮጥ ግን አትሮጪም።»

«ለዚህ ዓመት?»

«አትሮጪም» አላት እንደገና።

አላለቀሰችም። አመሰገነችው። እኔ ነኝ ወጥቼ ያለቀስኩት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መርፌ የሚወስዳት ሎምበሶ ሆነ። አንድ ወር አልዘለለም። ስብሰባ ሲኖር ተቀጥቶም ቢሆን ይቀራል፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ ከተማውን በእግሩ እያሰሰ ያገኘዋል። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ አባት ነው» ይላል። እኔም ምሳውን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ አብሬው እጸልያለሁ። ግን ፊቱን ሳይ ያ ሹራብ የያዘ ሰው ነው የሚታየኝ። የእምነት ወንድሞች መጥተው ይቅር በይው ብለውኛል። ብያለሁ በአፌ። ከአፌ ወዲያ መውረዱን ግን አላውቅም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ጸሎት ላይ አልቆምም።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ አስቴር ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ አንድ ቀን ስለ አባቷ ክፉ ነገር ተናገርኩ። የምትቆርጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«እማዬ፣ አባዬን ተይው» አለችኝ። «የለመንኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ ነው የለመንኩት። ደግሞ ልንገርሽ፣ የዚያን ክረምት እንጦጦ ላይ የሮጥኩት... በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዝናብ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ምንም አያመኝም ነበር። ያንን የሰጠኝ እሱ ነው።»

«ልብሽንስ ማን ወሰደው?» አልኳት።

«እሱም እሱ ነው» አለች። «ሁለቱንም አውቃለሁ።»

ሽንኩርቷን መቁረጥ ቀጠለች። ልጅቷ በደረቷ የተሸከመችውን ነገር እንዲህ በአንድ አፍ ስትናገረው፣ እኔ ቁጣዬን የት እንደማስቀምጠው አጣሁ። ዛሬም አላገኘሁለትም። ሎምበሶ አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ነን።

አሁን ለእናንተ። ልጃችሁ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ከታመመ ማርና ሎሚ ስጡት፣ ጥሩ ነው፤ ግን ሐኪም ጋር ውሰዱት። መገጣጠሚያው አብጦ፣ ያ ሲሻለው ሌላው ካበጠ፣ ከጨዋታ ነው፣ ከሩጫ ነው አትበሉ፤ ልቡ ይመርመር። መርፌው ከተጀመረ ሐኪሙ ካላቆመው በቀር እናንተ አታቁሙት። መንገድ የምትሄዱ ከሆነ አደራውን ለአንድ ሰው ብቻ አትስጡ፤ በተለይ ልጁን በጣም ለሚወድ ሰው ብቻ አትስጡ። ልጁንም አስቀምጣችሁ አስረዱት፤ እኔ ስጎትት ነው የከረምኩት፣ ሐኪሙ ግን እንደ ትልቅ ሰው ሲነግራት ሰማችው።

ያን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ ባሌን ባለመቆጣቱም ጭምር፣ ያኔ ባይገባኝም። ከመጋረጃው ኋላ ልጄን የያዘችልኝን ሲስተር አመሰግናለሁ። እትዬ ዘነበችን አመሰግናለሁ፤ በሩ ላይ እጄን ባይዙኝ ኖሮ ሌላ ሳምንት እንቆይ ነበር። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ዝም ብዬው በነበረበት ቀን እሱ ዝም አላለኝም።

አስቴር ዛሬም እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው። ከሥራ ስትመለስ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ አትወጣውም። መሀል ላይ ትቆምና ከሱቅ ዕቃ የምታይ ትመስላለች፤ ባለሱቆቹም አውቀው የሆነ ነገር ያሳዩአታል። ትንፋሿ ሲመለስ አመስግና ትቀጥላለች። ቤት ትደርሳለች። ልጃችሁ «ድኛለሁ» ሲላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ሳሙት፤ ከዚያ እጁን ይዛችሁ ወደ መርፌው ውሰዱት።